ሐያትዬ፣ የየመኖች ካፌ ገብቼ ነበር

ውድ ሐያትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማ ፋጡማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆችሽስ? ድሬ ዘንድሮ ሙቀቱ እንዴት ያደርጋችኋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ።

ከተጠፋፋን ቆየን አይደል? መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ የልጆች ጣጣ፣ ከዚያ ደግሞ ወሬው ተከማችቶ ከየት እንደሚጀመር ግራ የሚገባበት ጊዜ መጣ። አሁን ግን መጀመሪያውን አግኝቼዋለሁ። የየመኖች ካፌ ገብቼ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ሳስብ ያመሸሁት አንቺንና ያን ልትከፍቺው የምትመኚውን ካፌ ነው። ስለዚህ እንዳለ ልንገርሽ።

የእህቴ ልጅ ሚሺጋን ተዳረች። ከሰርጉ በኋላ ዲርቦርን ወሰዱኝ። ከዲትሮይት ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፤ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው። የመኖችና ሊባኖሶች ድሮ የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ መጥተው እዚያው ጎጆ ቀለሱ። ዛሬ ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዘሩ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ ነው። ሱቁ ሁሉ በአረብኛ ተጽፎበታል። ሥጋ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ሽቶ ሻጩ ተደርድሯል። ወደ ቀፊራ ገበያ ስንላክ በአረቦቹ ሱቅ በር እየቆምን ሙሸበክ የምንመኝበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

የየመን ካፌ አሁን አሜሪካ ውስጥ በየከተማው እየተከፈተ ነው። ነገሩ በደንብ የተነሳው ግን ከዚችው ከዲርቦርን ነው። ቀህዋ ሀውስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያ ተከፈተ። ባለቤቱ ኢብራሂም አልሐስባኒ ከቡና ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ የመናዊ ነው። ሐራዝ የሚባለውም የተነሳው ከዚያው ከተማ ነው። ስሙን ያወጣው ቡና በእርከን ላይ ከሚበቅልባቸው የየመን ተራሮች ነው። ሌሎቹ ተከታትለው መጡ፤ አሁን ኒውዮርክም ቨርጂኒያም ታገኛቸዋለሽ።

እኛ የገባነው ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት አሜሪካ ውስጥ ክፍት ሆኖ የሚገኘው መጠጥ ቤት ነው፣ ታውቂያለሽ። እዚያ ግን የሚቀመጥበት ጠፋ! ኮምፒውተራቸውን የዘረጉ ተማሪዎች አሉ። አባያ የለበሱ ጓደኛሞች አሉ። ልጆቹን አስከትሎ የመጣ አባወራ አለ። የመናዊ ያልሆነውም፣ ሙስሊም ያልሆነውም ሞልቷል። አልኮል የለም፤ ጨዋታው ግን ሞቅ ያለ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣሉ። በረመዳን ደግሞ ከተራዊህ ሶላት በኋላ ሰው ጎርፎ ከእኩለ ሌሊትም በላይ ይገፋል አሉኝ። ተነሱ የሚል አስተናጋጅ የለም። ይህ ነገር ልቤን ነካው። እዚህ አገር ሰው ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ እየሮጠ ነው የሚጠጣው። እነሱ ግን ሰው ሊቀመጥበት የሚፈልገውን ቦታ ሠርተው አቆሙ።

መጠጡ የሚመጣው በመስታወት ማንቆርቆሪያ ነው። ከሥሩ ትንሽ ሻማ ይለኮስና ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስኒዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ እየቀዳሽ ትጠጫለሽ። መጀመሪያ አደኒ ሻይ አዘዝን። ሻዩ ከቆርቆሮ ወተት፣ ከሄል፣ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር አብሮ ይፈላል። ወፍራም ነው፣ ጣፋጭም ነው። ቀጥሎ ሙፈወር መጣ። ይህኛው ቡና ነው፤ በሄልና በወተት የተፈላ። ሰንዓኒ የሚሉትም አለ፤ እሱ ያለ ወተት ነው፣ ሄል ይገባበታል። ለእኔ ምላስ የሰንዓኒው አቆላል ቀለል ያለ ነው። እኛ ጠቆር እስኪል ቆልተን ለምደናል።

ወደ ጣፋጩ ልምጣ፣ አንቺ መቼም እሱን ነው የምትጠብቂው። ኸሊያት አል-ነህል የሚሉት አለ። ትንንሽ ክብ ዳቦዎች በአንድ መጋገሪያ ላይ ተጠጋግተው ይጋገራሉ። ሲነፉ ይገናኙና የንብ ቀፎ መልክ ይይዛሉ። ሆዳቸው ውስጥ ለስላሳ አይብ አለ፤ ከላይ ማር ይፈስባቸዋል። በእጅሽ ገንጠል እያደረግሽ ነው የምትበዪው። ቤተሰብ ከቦ የሚቆርሰው ነገር ነው። ሰባያ ደግሞ ስስ ሊጥ በቅቤ እየተቀባ ተደራርቦ የሚጋገር ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበት በማር ይበላል። ሐያትዬ፣ የፈጢራችን ታላቅ እህት ናት በይው። ስጎርስ የጠዋቷ ፈጢራ ከነማሯ መጣችብኝ። ደግሞ አይደንቅም፤ ድሬ ላይ ከየመን አረቦቹ ጋር ጎረቤት ሆነን አይደል ያደግነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ዝርዝሩ ላይ ቂሽር የሚል አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ የደረቀ የቡና ገለፈት ከዝንጅብልና ከቀረፋ ጋር ተፈልቶ ነው አለችኝ። አቦ! የእናትሽ ጓዳ ነው እኮ! ሲመጣ ቀለሙ እንደ ሻይ ቀላ ያለ፣ ዝንጅብሉ አፍንጫ የሚመታ ነው። ሐረርጌ ካለ ዘመድ በጆንያ መጥቶ እማማ ፋጡማ ከሰል ላይ ጥደው ያፈሉልን የነበረው ነው፤ የእሳቸው ወተት ስላለው ወፈር ይል ነበር እንጂ። አንቺ ለእንግዳ እንዳይቀርብ ትከለክያቸው የነበረውን አስታወስሽ? እንግዳ መጥቶ ገለፈት ይቀርባል ወይ እያልሽ። እዚህ ሰው ተሰልፎ ገንዘብ ከፍሎ ይጠጣዋል።

ይህ መጠጥ በእኛም በእነሱም ዘንድ የኖረበት ምክንያት አንድ ነው። የሐረር ገበሬ ቡናውን ሳያጥብ ጀንፈሉን በፀሐይ ያደርቃል። የየመን ገበሬም እንደዚያው ቤቱ ጣሪያ ላይ አስጥቶ ያደርቃል። ሲፈለፈል ፍሬው ለብቻ፣ ገለፈቱ ለብቻ ይሆናል። ፍሬው ገንዘብ ነው፤ ለነጋዴ ይሄዳል። ገለፈቱ ቤት ይቀራል። የመን ውስጥ ቡናውን ያለማው ሰው ራሱ የሚጠጣው አብዛኛውን ጊዜ ቂሽር ነበር። ፍሬው ወደ ሞካ ወደብ ወርዶ በመርከብ ይሄዳል። የሐረርም ቡና ባሕር እየተሻገረ በዚያው ወደብ ይሸጥ ነበር። እስከ ዛሬም የሐረርን ቡና ሞካ ሐረር እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ። ሐረር ደግሞ ከገለፈቱም አልፎ ቅጠሉን ቁጢ አድርጎ ይጠጣል። ሆላንዶች ችግኙን ጃቫ ወስደው ካለሙት በኋላ የሞካ ገበያ እየደከመ ሄደ። ገለፈቱን መጠጣት ግን ማንም አላስቆመም።

ቡና ከእኛ ደን ተነስቶ የመን የደረሰ ተክል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለዚክር ነቅተው ለማደር ይጠጡት ነበር። ይህን ሳነብ አያትሽ ነው ትዝ ያሉኝ። ሐሙስ ማታ ድቤው ሳይመታ በፊት ቡናው ይፈላል ወይስ አይፈላም ብለው ይጠይቁ አልነበር?

ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በአማርኛ ስናወራ ሰምተው ዞር አሉና «ከየት ናችሁ?» አሉን፣ በጥርት ያለ አማርኛ። ድሬ ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መጋላ ነው የተወለዱት። አባታቸው ሱቅ ነበራቸው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤተሰቡ ንብረቱን ትቶ ወደ የመን ሄደ። ከዚያ ሰንዓ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ዲርቦርን። ከዚራ ዛፎቹ አሉ ወይ አሉኝ። አሉ አልኳቸው። ባቡሩስ? አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጪ ነው የሚቆመው ስላቸው አዘኑ። ከዚያ የእኛን ማንቆርቆሪያ አነሱና «በእኔ ነው» ብለው ለሁላችንም ቀዱልን። እንቢ ብንልም አልሰሙንም። ስንለያይ «ድሬ ስትሄጂ ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ማንን ልበልልዎት ብላቸው «ሁሉንም» አሉ። ይኸው ባንቺ በኩል ደርሷል።

የየመን ጦርነት ነገሩን ሁሉ ከባድ አድርጎታል። ቡናው ከተራራው ወርዶ፣ በየኬላው አልፎ፣ ወደብ እስኪደርስ ያለው ፍዳ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ጫቱ አለ። እንደ ሐረርጌ ሁሉ የመንም ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተክሏል፤ ቶሎ ብር ያመጣላ። በሐራዝ ግን ጫቱን ነቅለው መልሰው ቡና የተከሉ አሉ። እንዲህ ዓይነት ካፌ በዓለም ላይ ሲበዛ ገበሬው ቡናውን የሚያቆይበት ምክንያት ያገኛል ብዬ አምናለሁ። የሐረርጌም ገበሬ ይህ ይገባዋል።

ስለ እኛ ሰዎች አንድ ነገር ልበልሽ። ዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤቶቻችን ብዙ ናቸው። ቡናችን ግን በብዛት ከምግብ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ዕጣን ጨሶ፣ ፈንዲሻ ይዞ። ያምራል፣ እወደዋለሁ። የመኖቹ ግን ለቡናው ለራሱ ቤት ሠሩለት። የጓዳውን ነገር፣ ገለፈቱን ሳይቀር፣ ሳያፍሩበት ፊት ለፊት አስቀመጡት።

ስለዚህ ሐያትዬ፣ ያን ቤት ክፈቺው። አዲስ አበባ ያሉት ካፌዎች የሚሸጡትን ማኪያቶና ኬክ አትድገሚ፤ እሱ በየጥጉ አለ። ቁጢ ይኑር። ገለፈት በዝንጅብል ይኑር። ፈጢራ በማር ይኑር፣ ከሰዓትም የሚገኝ። ሐለዋውና ሙሸበኩ ሩቅ አይደለም። ድሬ ማታ ነው ነፍስ የሚዘራባት፤ ሰዉ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው የሚወጣው። ሴቶች ያለ ሐሳብ እስከ ምሽት ቁጭ የሚሉበት ቦታ እንደሚያስፈልግ እኔና አንቺ ከማንም በላይ እናውቃለን። ዕቃ መግዣውን አብረን እናስብበታለን፣ እኔም የማዋጣው ይኖረኛል።

እስከዚያው ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የደረቅ ገለፈት አሁን በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቂልኝ፤ ንጹሕ የሚያቀርብ ሰው ካለም ስልኩን ያዢ። ሁለተኛ፣ እናትሽ ዝንጅብሉን የሚጨምሩት ከገለፈቱ ጋር ነው ወይስ ገለፈቱ ከፈላ በኋላ? ወተቱስ መቼ ይገባል? ራሳቸው ይናገሩና በድምፅ ቀድተሽ ላኪልኝ፣ ድምፃቸውም ናፍቆኛል። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው
ሰብለ