ደን ውስጥ ለሚሠራ መማሪያ ቤት ኤክስካቫተር አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ተማሪዎች ስለ ደን እዚያው ደኑ ውስጥ የሚማሩበት ቤት በጣና ዳር፣ በተለይም በዘጌ፣ ቢሠራ ደስ ከሚላቸው ወገን ነን። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ትምህርቱ ይገባዋል። የሚያሰጋን የቤቱ ንድፍ ነው። ከተማ ውስጥ የለመድነው የብሎኬት አዳራሽ እንዳለ ደን ውስጥ ከተተከለ፣ ሊያስተምርበት የመጣውን ዛፍ ያደርቃል።

ጉዳቱ ከመሠረት ቁፋሮ ይጀምራል። አብዛኛው የዛፍ ሥር ከላይ ባለው 60 ሳ.ሜ. አፈር ውስጥ ነው የሚሰራጨው። ዙሪያውን ቦይ ሲቆፈር ይቆረጣል። ዋንዛው ታዲያ ወዲያው አይሞትም፤ ሁለት ሦስት ክረምት ቆይቶ ከጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ ቁፋሮውን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ በቦይ ፋንታ ለየምሰሶው ነጠላ ጉድጓድ በእጅ ይቆፈር። ከ5 ሳ.ሜ. የሚወፍር ሥር ከተገኘ ጉድጓዱ ይዛወር እንጂ ሥሩ አይነካ። ከግንድ የሚኖረው ርቀት የግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ነው፤ ለ50 ሳ.ሜ. ግንድ 6 ሜትር ማለት ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በሥርዓት በተከለከለበት ዘጌ ኤክስካቫተር ማስገባት ነውርም ነው።

ለቅርጹ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው ዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ማየት ይበቃል። ክብ ነው፣ ክፈፉም ከግድግዳው ርቆ ይወጣል። ሆኖም አሸንዳ ክብ ጣሪያ ላይ ስለማይመች ስምንት ማዕዘን ይሻላል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 8.8 ሜትር ቢሆን ከ60 ካ.ሜ. በላይ ይወጣዋል፤ ለ50 ተማሪ በቂ ነው። ክፈፉ 1 ሜትር ይውጣ፤ ደን ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ግድግዳው ከወገብ በላይ ክፍት ይሁን።

ምሰሶው ከደኑ ውጭ የመጣ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ መሬት ውስጥ ግን አይቀበር፤ ምስጥ ይጨርሰዋል። 50 ሳ.ሜ. ከፍታ ባለው የድንጋይ መቆሚያ ላይ በብረት ይታሰር። ምስጡ መውጣቱ አይቀርም፣ ነገር ግን የሚሠራው የጭቃ መንገድ ድንጋዩ ላይ ስለሚታይ ይፋቃል።

ለምርጊቱ ዋልካ አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በየጊዜው እየተረገጠ፣ ጭዱ እስኪልም ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ ያለ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን መደረብ ነው ስሕተቱ። ከሁሉ የከፋው ጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ነው። በስንጥቁ የገባ ውኃ መውጫ አጥቶ ልስኑን ገንጥሎ ይጥለዋል። ማጠናቀቂያው እበት ይሁን፤ አንድ ጎን ደግሞ ማገሩ እንዲታይ ሳይመረግ ይቅር፣ ለተማሪው ትምህርት ነው።

ቆርቆሮ ዝናብ ሲወርድ መምህሩን አያሰማም፤ ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ለውኃ ተስማሚ ነው። የባሕር ዳር ዝናብ በዓመት 1,400 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ከዚህ ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶም፣ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ይገኛል። ችግሩ አብዛኛው በክረምት መውረዱ ነው። ለበጋ የሚተርፈው ሮቶው የያዘው ብቻ ነው፤ 10 ሺህ ሊትር ለ50 ተማሪ በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢደርስ 200 ቀን ያቆያል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና ቅጠል ጠርጎ ስለሚመጣ ወደ ሮቶው አይግባ።

መጸዳጃው በሐይቁ ዳር ጉድጓድ መሆን የለበትም፤ ፍሳሹ ጣና ይገባል። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ሽንቱን ለይቶ የሚያወጣ ባለሁለት ክፍል ደረቅ መጸዳጃ ይበጃል። አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆያል፣ በየአጠቃቀሙም አመድ ይነሰነሳል። አመድ የሚያቀርብ ሰው ካልተመደበ ግን ይሸታል፤ ከሸተተ ደግሞ ተማሪው ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል።

ከግንባታ ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር