አልጋው ተይዟል፤ በረዶውስ?

ዴንቨር፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ አሁን ሰበብ ብደረድር አንተም አታምነኝ፣ እኔም አያምርብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። እማማን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ።

መልእክትህ ደርሶኛል። «በየካቲት አራት ሆነን በረዶ ላይ በስኪ ለመንሸራተት ከሙኒክ እንመጣለን፤ ከአዲሶቹ የተራራ ጎጆዎች አንዱን ያዝልን፤ ብቻ ሰው የማይበዛበት ይሁን» ብለሃል። ወንድምዓለም፣ የካቲት፣ አዲስ ጎጆ እና ሰው የሌለበት፣ እነዚህ ሦስቱ እዚህ አገር አንድ ላይ አይገኙም። ለምን እንደማይገኙ ልንገርህ፤ ምን እንደሚሻልም እጨምርልሃለሁ።

ከአልጋው ልጀምር። እዚህ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ትልቁ የጎጆ ማኅበር በአሜሪካ ጦር 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ስም የሚጠራው ነው። ለአባላቱ ዕጣ የሚያወጣው የዘንድሮ በረዶ ሳይቀልጥ ለሚመጣው ዓመት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቶች፣ ሙሉ ጨረቃ የምትወጣባቸው ቀናት፣ የፈረንጆቹ በዓል ሰሞን ያኔውኑ ያልቃሉ። በኅዳር ተነስቶ ለየካቲት ቅዳሜ አልጋ መፈለግ በጥምቀት ዋዜማ ጎንደር ላይ ሆቴል እንደመፈለግ ነው። የሚገኘው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያለው ሌሊት ነው፤ ሰው የሰረዘውም አልጋ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ኪራዩ በነፍስ ወከፍ ነው። ብዙዎቹ ጎጆዎች 16 ሰው ያህል ስለሚይዙ፣ አራት አልጋ ብትይዝ የቀሩት 12 ላይ የማታውቀው ሰው ይተኛል።

የክፍለ ጦሩ ስም ከየት መጣ ብትል፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ሌድቪል አጠገብ ካምፕ ሄል የሚባል የጦር ሰፈር ተሠርቶ በስኪ የሚንቀሳቀሱ ወታደሮች ይሠለጥኑበት ነበር፤ በ1945 ጣሊያን ተራሮች ላይ ተዋጉ። ከእነሱ አንዱ የነበረው የአስፐኑ አርክቴክት ፍሪትዝ ቤኔዲክት በ1980 ማኅበሩን አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎጆዎች፣ ማክናማራ እና ማርጊስ፣ በ1982 ተሠሩ። ማክናማራ ያው የቬትናም ጦርነት ዘመኑ የመከላከያ ሚኒስትር፣ በኋላም የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰው ነው፤ ማርጊ ደግሞ የሟች ሚስቱ ስም ናት። ያኔ ሁለት የነበሩት ዛሬ በማኅበሩ በኩል የሚያዙት ከ30 በላይ ሆነዋል።

የአልፕስን ጎጆ ግን እርሳው። እዚያ ባለቤቱ በር ላይ ተቀብሎ ሾርባና ቢራ ያቀርብልሃል። እዚህ ጠባቂም ምግብም የለም። በሩ የሚከፈተው በቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈው፤ የስልክ ባትሪ በብርድ ይሞታል። ውስጡ የእንጨት ምድጃ፣ የጋዝ ማብሰያ፣ ድስትና ሳህን፣ ፍራሽ፣ በፀሐይ ኃይል የሚበራ መብራት ታገኛለህ። ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። ስሊፒንግ ባግህንና የምትበላውን ሁሉ ተሸክመህ ነው የምትወጣው።

ስለ ሰው ብዛቱ የጠየቅኸው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ሰውን ተራራው ላይ የሚያወጣ ሊፍት ያላቸው የስኪ ማዕከላት ሲዘጉ፣ ብዙ ሰው ከስኪው ሆድ ሥር የሚለጠፈውን ስኪን ገዝቶ በእግሩ ተራራ መውጣት ጀመረ። ማዕከላቱ ከተከፈቱም በኋላ ልማዱ አልቀረም። በርትሁድ ፓስ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ቅዳሜ አርፍዶ የደረሰ ሰው መኪናውን የሚያቆምበት አያገኝም። ሊፍት የሌለው፣ ግን የበረዶ ናዳን የሚከታተል ጠባቂ ያለው ብሉበርድ የሚባል ማዕከልም ክሬምሊንግ አካባቢ ተከፍቶ ነበር፤ ለጀማሪ የሚሆን ጥሩ መማሪያ ነበር፣ በ2023 ተዘጋ። የቀረው መፍትሔ ጎጆ መጨመር ነው የሚሉ አሉ። ሰዉ ይበተናል ባዮች ናቸው። እኔ ይበተናል ብዬ አላምንም።

ብሬክንሪጅ አጠገብ ያለውን ሲስተርስ የሚባለውን ጎጆ እንውሰድ። የተከፈተው በ2018–19 የበረዶ ወቅት ነው፤ 14 ሰው ይይዛል፤ ከፍታው 3,490 ሜትር ገደማ ነው፣ ከእንጦጦ ይበልጣል። ዌበር ገልች በሚል ስም ሲታቀድ ከአካባቢው ስኪ ወዳዶች ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ተቃዋሚዎቹ ራስ ወዳዶች ናቸው ተብሏል፤ ግማሹ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን ስሌታቸውን እየው። ጎጆ የሌለበት ሸለቆ በቀን ደርሶ መመለስ ስለሚያደክም ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚገባበት። ጎጆ ሲቆም 14 ሰው በየማለዳው ከተራራው ወገብ ላይ ቡናውን ጠጥቶ ይነሳል። በረዶ ከጣለ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ለጎጆው ቅርብ የሆነው ለስላሳ ቁልቁለት ይታረሳል። በሁለተኛው ቀን ያልተነካ የሚፈልግ ሰው ትንሽ ገፋ ይላል። በሦስተኛው የቀረው ቀጥ ያለው ገደል ብቻ ነው፤ የሚገድለውም እሱ ነው። ስለዚህ ሰው ሲበዛ ጉዳቱ ወረፋና ጫጫታ ብቻ አይደለም፤ ደህናው ቦታ ቀድሞ ስለሚያልቅ ሰዉን ወደ መጥፎው ይገፋዋል።

የኮሎራዶ በረዶ ደግሞ የአልፕሱን አይመስልም። ስስ ነው፣ ሌሊቱም ጥርት ያለና ብርዱ የከረረ። መሬቱ 0 ዲግሪ ሆኖ ላዩ ከዜሮ በታች 20 ሲሆን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከ1 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ፣ የታችኛው በረዶ እርስ በርሱ መያያዙን ትቶ እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ከዚያ ነፋስ ያመጣው ጠንካራ ንጣፍ ላዩ ላይ ይጫናል። ምስር የፈሰሰበት ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈህ ስትረግጠው የሚሆነውን አስብ። ይህ የበረዶው ድክመት ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት አይድንም። የሚንሸራተተው በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ቁልቁለት ነው። ሰው ከሞተባቸው ናዳዎች ከ10ሩ 9 ያህሉን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም ጓደኛው ነው። «እዚህ ላይ የሌላ ሰው ዱካ አለ» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ አምስት ሰው ያለፈበትን ስድስተኛው ሊያስነሳው ይችላል። ከበላይህ የማታውቀው ቡድን ካለ ደግሞ እሱ የሚያስነሳው የሚወርደው በአንተ ላይ ነው።

አልጋ አስቀድሞ መያዝ የሚያስፈራኝ ከዚህ የተነሳ ነው። በርትሁድ ፓስ በቀን የሚመጣ ሰው ጠዋት ትንበያውን አይቶ ቤቱ ሊተኛ ይችላል። ጎጆ የያዘ ሰው ግን ዕጣ ደርሶት፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ ከሙኒክ በረራ ገዝቶ ነው የሚመጣው። ከዓመት በፊት የተመረጠ ቀን ስለ በረዶው ምንም አያውቅም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1፣ 2021 በሲልቨርተንና በኦፊር መካከል፣ ጎጆ ውስጥ የሰነበቱ ሰባት ልምድ ያላቸው ሰዎች ናዳ ደርሶባቸው አራቱ ተቀበሩ፤ ሦስቱ ሞቱ። የዚያን ቀን የአደጋው ደረጃ ከ5ቱ 3 ነበር። አልጋው ገደላቸው አልልም፤ እንደዚያ ማለት ነውር ነው። ደረጃ 3 ግን ብዙ ሰው «መካከለኛ» አድርጎ የሚያነበው፣ ብዙ ሰውም የሚሞትበት ቁጥር ነው። በዚያ ወቅት በኮሎራዶ 12፣ በመላው አሜሪካ 37 ሰው በናዳ ሞቷል።

ስለዚህ አንድ አልጋ ስትይዝ ሁለት ዕቅድ ያዝ። አንደኛው ለጥሩ ቀን፣ ሁለተኛው ከ30 ዲግሪ በታች ብቻ የምትንሸራተቱበት፣ መስመሩ ካርታ ላይ ከወዲሁ የተሰመረ። የትኛው እንደሚሠራ የሚወሰነው ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት ነው። የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል የነገውን ትንበያ የሚያወጣው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ጎጆው ላይ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል ትንበያውን ከታች አውርዱት፤ የሳተላይት መልእክት መላኪያም አንድ ይኑራችሁ። ከአራታችሁ አንዱ «አልሄድም» ካለ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይገደድ፤ ይህን ሙኒክ ሳላችሁ ተስማሙበት። ጎጆው ራሱ ከናዳ መንገድ ውጭ ነው የተሠራው፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ሁሉም እንደዚያ አይደለም።

ዕቃን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቢከን (በረዶ ሥር የተቀበረን ሰው ለማግኘት ምልክት የሚልክና የሚፈልግ መሣሪያ)፣ ቢያንስ 240 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፈለጊያ ዘንግ፣ ምላጩ ብረት የሆነ አካፋ። ሦስቱም ለየራሱ፣ ለአራት ሰው አንድ አይሠራም። ቢከን በሙሉ በ457 ኪሎ ኸርዝ ስለሚሠራ የእናንተ ከእኛ ጋር ይግባባል። ስልክን ከሚልክ ቢከን 20፣ ከሚፈልግ ቢከን 50 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ በጓንት ውስጥ የሚሞቅ ባትሪም ያው ይረብሻል። ቢከኑ መሥራቱን ለማየት መነሻው ላይ አንዱ ቀድሞ ይቁም፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየላኩ በፊቱ ይለፉ፣ ከዚያ ደግሞ እየፈለጉ። የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከ10ሩ 9 ያህሉ ይተርፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ከሦስቱ አንዱ ገደማ። ጥሪ ተቀብሎ የሚመጣ የነፍስ አድን ቡድን በጊዜው አይደርስም፤ ያለህ ጓደኛህ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር አይደለም። ሰዎች አርፍደው ይነሳሉ፣ ሸክማቸው ይከብዳል፣ ጎጆው ሳይገኝ ይመሻል። ማርጊስ ለምሳሌ ከመነሻው ከሌናዶ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ700 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ በሸክም ከ5 እስከ 7 ሰዓት አስብ። ዛፍ ላይ ያለው ሰማያዊ ምልክት በሁሉም ቦታ የለም። ስኪን በብርድ ሙጫው ይለቃል፤ ስታወልቀው ጃኬትህ ውስጥ ክተተው፣ ጠንካራ የጎማ ማሰሪያም አራት ያዝ፤ የተሰበረ የስኪ ዘንግም የላላ ስኪንም በእሱ ይታሰራል።

ጎጆ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ውሃ ነው። ትልቁን ድስት ምድጃው ላይ ጣዱ፣ ከታች ትንሽ ውሃ ሳይኖር በረዶ አትጨምሩ፤ ድስቱ ያርና ውሃው ጭስ ጭስ ይላል። 10 ሊትር አዲስ በረዶ 1 ሊትር ያህል ውሃ ነው የሚወጣው፤ ተረግጦ የሰነበተው እስከ 3 ይሰጣል። ለሰው በቀን 4 ሊትር ብታስብ ለአራታችሁ 16 ሊትር ነው፣ ከድስቱ የማይለይ ሰው ይመደብ። በረዶው የሚዛቀው ከተከለለው ቦታ ብቻ ነው፤ ውሻ የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለመጠጥ ከሆነ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ተውት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስርና አተር ይለግማል፤ ጥሬ እህል ይዛችሁ አትምጡ። ሽሮ አያስቸግርም። ድርቆሽ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ አይከብድ፣ አይበላሽ፣ በሙቅ ውሃና በበርበሬ ፍርፍር ይሆናል። ለመንገድ በሶና ቆሎ። የሚሸጠው የስኪ ምግብ ሁሉ ከበሶ አይበልጥም፤ ይህን የምለው አበሻ ስለሆንሁ ብቻ አይደለም።

ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በቀጥታ አትውጡ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ነው፤ እዚያ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ተራራው ላይ ባለችው ፍሪስኮ ከተማ አንድ ሌሊት እደሩ። የአዲስ አበባ ሳንባህን ሙኒክ ከወሰደችብህ ቆይቷል።

የትኛው ጎጆ ካልኸኝ፣ አዲሱን ተወውና ቬይል ፓስ አጠገብ ያለውን ሽራይን ማውንቴንን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሞክሩ። መንገዱ 4.3 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በዙሪያው ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ብዙ ቦታ አለ። በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ድምፅ ትሰማለህ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። መግቢያው በክፍያ ነው፣ በጠዋት ድረሱ። መኪናውን እኔ አበድራችኋለሁ። እዚህ ሰሌዳ ሲታደስ የሚጨመር፣ በ2023 ሲጀመር 29 ዶላር የነበረ የመናፈሻ ክፍያ አለ፤ ከእሱ የተወሰነው ለተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች ይሄዳል። ብዙ የአውሮራ አበሻ ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አልፈልግም» ብሎ ያስሰርዘዋል። የእኔ ተከፍሏል።

አሁን ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ የአራታችሁን ቢከን ዓይነትና የተገዛበትን ዓመት፣ ናዳ ውስጥ ሰው የመፈለግ ሥልጠና የወሰደው ማን እንደሆነ፣ እና ከቅዳሜ ይልቅ ማክሰኞ መምጣት ትችሉ እንደሆነ። ድርቆሹን እኔ ከአሁኑ ማድረቅ እጀምራለሁ።

ወንድምህ