ፀሐይ ሳትወጣ አትውጪ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ተሽሎታል።

ባለፈው እሑድ የአክስትሽ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ቤት ገብቶ ነበር። እናትሽ ቡና እያፈላች ስለ አንቺ ስትጠይቀው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በበሬሳ ወንዝ ዳር ማስታወሻ ደብተርሽን ይዘሽ፣ አንዲት ስስ ሹራብ ብቻ ደርበሽ፣ እያሳልሽ እንዳገኘሽ ነገረን። አንቺ በስልክ የነገርሽን ስለ ቀላል ጉንፋን ነበር፤ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደቆየ የሰማነው ከእሱ አፍ ነው። እናትሽ ሁለተኛውን ቡና ሳትቀዳ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ይህን እጽፍልሻለሁ፦ ፀሐይ ሳትወጣ ከቤት አትውጪ።

ወፍ መመልከትሽንና ማስታወሻ መያዝሽን እንድትተዪ አልጠይቅሽም። ገና በልጅነትሽ ከአጥራችን ሥር የሚወጣውን የጉንዳን መንገድ ተከትለሽ እስከ ወንዙ ድረስ የወረድሽ፣ ሠፈሩንም ሁሉ ፍለጋ ያስወጣሽ አንቺ ነሽ። ያ ዐይንሽ ለእኔ ኩራቴ ነው። የምለምንሽ ሰዓቱን እንድትለውጪ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ደግሞ በዚያ አገር ምሕረት የለውም። በክረምት ደመናው በምድር ላይ እንደ ጋቢ ተደርቦ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ያቆይላት ነበር። መጸው ሲገባ ግን ሰማዩ ስለሚጠራ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ያመልጣል፤ የቀዘቀዘውም አየር ስለሚከብድ ከተዳፋቱ እየወረደ በወንዝ ዳርና በረባዳው ቦታ ይተኛል። ብርዱም የሚበረታው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ልክ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። እንግዲህ አንቺ የመረጥሽው ሰዓትና ቦታ ብርዱ ከሁሉ የከፋበት ነው። በዚያ ያለው ገበሬ እንኳ ባቄላው አመዳይ እንዳይመታበት የሚሰጋው በዚህ ወቅት ለዚህ ነው፤ ባቄላው ደግሞ መሄጃ የለውም፣ አንቺ ግን ቤት አለሽ።

ደግሞም ለማየት የሚያስፈልገው ራሷ ፀሐይ ናት። ትናንት ያየሁትን ልንገርሽ። ከኋላ በር ውጪ በድሮው የድንጋይ ካብ ላይ የበቀለው የፈረስ ዘንግ ዘንድሮ ከእኔ ቁመት በልጦ ብርቱካንማ አበባውን በየአንጓው ደርድሯል። በጥዋቱ ጥላ ውስጥ አንድ ጅራቱ የረዘመ ጥቁር ወፍ ቆልማማ ምንቃሩን በአበባው ውስጥ እየከተተ ሲቀስም አየሁና ብዙም ሳላተኩር ቆሜ ነበር። ፀሐይዋ ከግንቡ በላይ ብቅ ብላ ብርሃኑ ሲያርፍበት ግን ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ተንቦገቦገ፣ ራሱና አንገቱም እንደ ተወለወለ ነሐስ አበራ። ባለሙያዎች በተከዜ ወንዝ ስም የሚጠሩት ወፍ እርሱ ነው። ያ ቀለሙ ብርሃን በላባው ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ስለሆነ፣ በጎሕ ብትመለከቺው ከጥቁር በቀር የምታዪው የለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ እየተንቀጠቀጥሽ ምን ልትጽፊ ነው?

ሠፈርሽ መልኩን ቀይሯል። አንቺ ስትሄጂ በእንጦጦ ግርጌ ቢጫ ምንጣፍ የነበረው አደይ አበባ አሁን ደርቆ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ በሣሩ ውስጥ ያለፈ ሰው ጭጎጎት በልብሱ ይዞ ይመለሳል። ዝናቡ ስላቆመ ሸማኔዎቹ በመንገዱ ዳር ድር ማድራት ጀምረዋል፤ ነጩን ክር በችካሎቹ መካከል እየተመላለሱ ሲዘረጉ ከደጃችን ቆሜ አያለሁ። ከታክሲ ማቆሚያው ማዶ በቆሎ ትጠብስ የነበረችው ሴት ምድጃዋን ሰብስባ የባቄላ እሸት ይዛ ተቀምጣለች። የቅዳሜ ሌሊት ከበሮውና ጽናጽሉ እስከ መኝታ ቤታችን ይሰማል፤ ወርኃ ጽጌ ኅዳር 6 በቁስቋም እስኪፈጸም እናትሽ ነጠላዋን ለብሳ ከማኅሌቱ አትቀርም። እርሷም ብትሆን ጋቢ ደርባ ነው የምትሄደው።

በባዶው ቦታ ላይ በክረምት ከሣሩ በላይ እየዘለለ ይታይ የነበረው፣ ጅራቱ ከሰውነቱ የሚረዝመው ጥቁር ወፍ ትዝ ይልሻል? የሠፈሩ ልጆች ጠፋ ብለው አዝነው ነበር፤ እኔም ወስጄ አሳየኋቸው። አልጠፋም፤ የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ረጅሙን ጅራት አራግፎ የሴቷን ቡናማ ልብስ ለብሷልና ከድንቢጦቹ መንጋ ለይቶ ማወቁ ያስቸግራል። ጅራቱን ሽቅብ ቁልቁል የሚነቀንቀው ቢጫ ወፍ ደግሞ የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ሣር ላይ ከበጎቹ እግር ሥር ትንኝ ይለቅማል። በበሬሳ ዳር ያለውን መስክ ረፋድ ላይ ብትመለከቺ እዚያም ሳይኖር አይቀርም።

ልጄ፣ ሳል ሲቆይ የምደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን የጠረገበትን ወር በዐይኗ አይታለች። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት የተረፉበት፣ ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ትኩሳት ይዞት ጥቂት ቀን ተኝቶ ከቆየ በኋላ በረደለት፤ እንጀራም በላ። በማግሥቱ ቤተ ሰቡ ሁሉ ታሞ ውኃ የሚቀዳ ስላልነበረ፣ እኔ ድኛለሁ ብሎ ገና ሳይነጋ እንስራውን ተሸክሞ ወደ ምንጩ ወረደ። ውኃውን አመጣ፤ ለእናቱም በዋንጫ ሰጣት፤ ከዚያ ከምድጃው አጠገብ ተኛና አልተነሣም። አያቴ እስክታረጅ ድረስ ይህን ስትናገር ወንድሟ ውኃውን ሳያፈስ ማድረሱን ነበር የምትደጋግመው። እኛ የልጅ ልጆቿ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ የደጁን ድንጋይ ሳታሞቅ እግራችንን ማውጣት አይፈቀድልንም ነበር። የእርሷን ቃል ነው የማስተላልፍልሽ፦ ፀሐይ ሳትወጣ አትውጪ።

አሁን የማዝዝሽን አንድ በአንድ ፈጽሚ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግሥት ሐኪም ቤት ሂጂ፤ ሳሉ ከሁለት ሳምንት እንዳለፈው በግልጽ ተናገሪ፣ የአክታ ምርመራና ራጅ ካዘዙልሽም ሳትውዪ ሳታድሪ አድርጊ። እናትሽ ዳማከሴ ቋጥራ ልካልሻለች፤ ጠጪው ወይም አሽቺው እንደ ፍላጎትሽ ነው፣ ነገር ግን በሐኪም ፈንታ አይሆንም። በረደኝ ብለሽ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታሽ እንዳታስገቢ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጋዝ ሽታም መልክም ሳይኖረው ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲታጠን መስኮትሽን ዝጊና ጭሱ እስኪያልፍ ከቤትሽ አትውጪ። የጥንቱ ሰው በሽታውን ያባርርልኛል ብሎ ያጠነው ሣርና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ግን የሚነደው ላስቲክና ፕላስቲክ ነውና ይህ ለታመመ ሳንባ መርዝ መሆኑን ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

ጋቢውን ከሠፈራችን ሸማኔ ነው ያሠራሁት፤ ባለ አራት ነው። የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል፤ በጥዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ ሰው ምን ይለኛል ሳትዪ ደርቢው። ለብ ባለ ውኃ እጠቢው እንጂ አታፍይው። በእጥፋቱ ውስጥ ለምርመራው የሚሆን ገንዘብ አለ፤ ለሌላ ነገር አታውዪው። የራጁን ውጤት እንዳወቅሽ ማታም ቢሆን ደውዪልኝ፤ ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።

የሚወድሽ አባትሽ