ረጅም ቃል ስንቆርጥ የከረምንበት ዓመት፦ የእንግሊዝኛ ክበብ ዘገባ

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ልጆቻችን የባዮሎጂ መጽሐፍ ገልጠው «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ሲያዩ ዘለውት ያልፋሉ። ስለዚህ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ሥራ ያዘ፦ ረጅም ቃል መቁረጥ።

የጀመርነው በጭብጨባ ነው። ለአንድ ሲላብል፣ ማለትም አፍ በአንዴ ለሚያወጣው የቃል ቁራጭ፣ አንድ ጭብጨባ። «ትራንስፖርቴሽን» ስላቸው «ትራንስ» ላይ ብቻ አራቴ አጨበጨቡ። አልፈረድኩባቸውም፤ የለመዱትን ፊደል ነው የቆጠሩት። የእንግሊዝኛ ሲላብል ግን የሚቆጠረው በአናባቢ ድምፅ ነው፤ «ትራንስ» ደግሞ ያለው አንድ አናባቢ ነው። «እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉ፤ አገጫችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ በሉ» አልኳቸው። ትራንስ፣ ፖር፣ ቴ፣ ሽን። አራት!

ኅዳር ላይ ግን ነገሩ አሳሰበኝ። ቃሉን አሳምረው ይጠሩታል፤ ትርጉሙን ስጠይቅ ዝም። ያንኑ ቃል ካርቶን ላይ ጽፈን በመቀስ ቆረጥነው። አሁን የወጣው ሦስት ቁራጭ ነው። «ትራንስ» ባሻገር፣ «ፖርት» መሸከም፣ «ኤሽን» ደግሞ ግሱን ስም የሚያደርግ ቅጥያ። በጭብጨባው ከ«ቴ» ጋር ሄዳ የነበረችው «ቲ» በመቀሱ ወደ «ፖርት» ተመለሰች። ለአፍ የምንቆርጥበትና ለትርጉም የምንቆርጥበት ቦታ እንደሚለያይ ልጆቹ የገባቸው ያኔ ነው። ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ቀን እሱ ነበር።

ከዚያ ማን ያስቁማቸው! «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ መሸከም፣ «ኤክስፖርት» ወደ ውጭ መሸከም። «ኤርፖርት» ላይ ግን ተከራከርን። እዚያ ያለው «ፖርት» ወደብ ነው፤ መልኩ ቢመሳሰልም ሸክም የለበትም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና አንድ ልጃችን ዲማ ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ ነው። ሥራችንን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ይሄማ ግስ ማርባት ነው» አለ። ሰሌዳው ላይ «አልመጣችም» ብሎ ጻፈና ቆረጠው። «አል» እና «ም» አፍራሾች፣ «መጣ» ግሱ፣ «ች» እሷ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለአዲስ አባላት የሚያስረዳው እሱ ነው።

ከሚያዝያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሚኒ ሚዲያ አንድ ቃል እየቆረጥን እናቀርባለን። የመጀመሪያው «ፎቶሲንተሲስ» ነበር፤ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» አንድ ላይ ማጣመር። ያነበበችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንዴም አልተደናቀፈችም።

ካርቶንና መቀስ አለን። የጎደለን መዝገበ ቃላት ነው። ቤቱ ትርፍ ያለው ወላጅ ወይም መምህር ቢያውሰን መስከረም ላይ እንጀምርበታለን።