የቀስት ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ክንዱን ያልሸፈነ ደጋን አይነካም

ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት ሁሉ ጥቂት በጀትና ብዙ ስሞታ የነበረው የቀስት ክበብ ሳይሆን አይቀርም። ስሞታው በሙሉ ደግሞ ደጋኑን ስለሚይዘው ግራ ክንድ ነበር።

በመስከረም ስንጀምር 26 አባላትና አራት የእንጨት ደጋኖች ነበሩን። ደጋኖቹ ለጀማሪ የተሠሩ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ለመሳብ የሚጠይቁት ኃይል 20 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 9 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ልክ ደጋን ሰው ይጎዳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ግን አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ፤ የልጁን ሹራብ እስከ ክርኑ ሰበሰቡና «ማን ነው ልጄን የገረፈው?» አሉ። እውነትም ሰንበሩ በቀበቶ የተመታ ይመስል ነበር። ከእጅ አንጓው በላይ ጀምሮ እስከ ክርኑ አጠገብ ይዘልቃል፤ ዳርና ዳሩ ቀልቶ አብጧል፤ መሐሉ ጠቁሯል። ገራፊው የደጋኑ አውታር፣ ማለትም ቀስቱን የሚወረውረው ገመድ፣ መሆኑን ለማሳመን ደጋኑን ቢሮ ድረስ ማምጣት ግድ ሆነ።

አውታር ጣት ሲለቀው ቀጥ ብሎ ሄዶ ቦታው ላይ የሚቆም የሚመስለው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ከጣቶቹ ሲያመልጥ በትንሹ ወደ ጎን ይገፋል፤ ስለዚህ ወደ ፊት የሚወረወረው ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው። ቀስቱ ከተለየው በኋላም ከማረፊያው አልፎ ይሄድና ይመለሳል። ጥጥ ሲነደፍ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የመንደፊያው ደጋን ጅማት ከተመታ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሲርገበገብ ይታያል። ክንድ በዚያ መንገድ ላይ ከተገኘ ይመታል።

ኅዳር ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የዘጠነኛ ክፍል ወንዶች በእረፍት ሰዓት እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ሰንበር ማወዳደር ጀመሩ። ብዙ የተመታ ብዙ የተለማመደ ተደርጎ ተቆጠረ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ብዙ የተመታ አያያዙን ያላስተካከለ ነው። ይህን ስነግራቸው ግን የሰማኝ አልነበረም። አቋሜን ያጸናልኝ የአንዲት ተማሪ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ እርሷ ዒላማ የሚመታ አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ከተመታች በኋላ ግን ቀስቶቿ ዒላማው ሥር መሬት ላይ መውደቅ ጀመሩ። አቋሟ እንደ ቀድሞው ያማረ ስለነበር ምክንያቱ አልገባንም። ከጎን ቆሜ ፊቷን ስመለከት ገባኝ፤ ጣቶቿ ከመከፈታቸው በፊት ዓይኗ ይጨፈናል፤ ግራ ክንዷም ምቱን ለመሸሽ ዝቅ ይላል። ሰንበር በሳምንት በሁለት ሳምንት ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ፍርሃቱ ግን ከርሞ ነው የለቀቃት፤ ያውም ክንዷን ሸፍነን ዒላማውን አምስት ሜትር ላይ ካቀረብንላት በኋላ።

ከዚያ ወዲህ የክበቡ ሕግ በዚህ ዘገባ ርዕስ ላይ ያለው ሆነ፤ መምህሩንም ይጨምራል። «እኔን መትቶኝ አያውቅም» የሚል ሰውም ያለ ክንድ መከለያ አይገባም።

መከለያዎቹን ራሳችን ሠራናቸው። ከግቢያችን በር አጠገብ ያሉት ጫማ ሠሪ ቁርጥራጭ ቆዳ ሰጡን። ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን መርጠን፣ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዝመን ቆረጥን፤ ዳርና ዳሩን በስተን ላስቲክ አሳለፍንበት። ለስላሳው ፊት ወደ ውጪ መሆን አለበት፤ አውታሩ ሲነካው ተንሸራትቶ እንዲያልፍ ነው። ይህን ያላመኑ ልጆች ከብስክሌት ከመናዳሪ ቆርጠው አመጡ። ከመናዳሪው ከምቱ ያድናል፤ ነገር ግን ላስቲክ ስለሆነ አውታሩን እየያዘ ያዘገየዋል፣ ቀስቱም ይዛባል። መከለያው ሌላም ጥቅም አለው። በማለዳው ብርድ የደንብ ልብሱን ሹራብ አውልቁ ማለት አይቻልም፤ ሰፊ እጅጌ ደግሞ አውታር ይጠልፋል። ቆዳው ጠፍሮ ይይዘዋል። በአንገት የሚንጠለጠለውን መታወቂያ ግን ማስወለቅ ነበረብን።

የዓመቱ ትልቁ ግኝታችን ጠመኔ ነው። አውታሩን ጠመኔ ቀብቶ ቀስት መልቀቅ፣ ከዚያ መከለያውን ማየት ነው። ነጭ መስመሩ እጅ አንጓ አጠገብ ከሆነ ልጁ ደጋኑን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ አንጓውን ወደ ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው፤ መያዣው በአውራ ጣቱ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ብቻ ማረፍ ነበረበት። መስመሩ ወደ ክርን ከተጠጋ ጥፋቱ የክርኑ ነው። ጀማሪ ክንዱን ሲዘረጋ የክርኑን ጫፍ ወደ መሬት ያደርግና የክንዱን ለስላሳ ሥጋ ለአውታሩ ያቀርባል። መድኃኒቱ ግድግዳ ነው፤ መዳፍን ግድግዳ ላይ አሳርፎ፣ ትከሻን ሳያነሱ፣ የክርኑን ጫፍ ወደ ውጪ ማዞር። ክርናቸው ከልክ በላይ የሚዘረጋ ልጆች አሉ፤ እነርሱ ትንሽ ማጠፍ አለባቸው። በክረምት ምዝገባ ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ተማሪዎች ያያችሁ ወላጆች ተቀጥተው አልነበረም።

ጥር ላይ ደግሞ አንድ ደጋን ያነሣውን ሁሉ መምታት ጀመረ፤ አያያዙ ያማረውንም ጭምር። በማስመሪያ ስንለካው በመያዣውና በአውታሩ መካከል 17 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርቀት 13 ሆኗል፤ አውታሩ ረግቧል ማለት ነው። አውታሩ ለክንድ በቀረበ መጠን የመምታቱ ዕድል ይጨምራል። ፈትተን፣ ከርረን፣ አሳጥረን መልሰን ወጠርነው፤ ስሞታው በዚያው ቀረ። አሁን ከልምምድ በፊት ማስመሪያ የያዘ ተረኛ አለ።

ለወላጆች ቀን ያዘጋጀነው የግድግዳ ጋዜጣ የክንድ መከለያን ታሪክ የሚያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ በ1982 ከባሕር የወጣችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ደጋኖች ይዛ ነበር፤ ከዕቃዎቹ መካከል መከለያዎችም ተገኝተዋል፤ አብዛኞቹ ከቆዳ፣ አንዱ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ። ከ4,000 ዓመት በፊት የተቀበረውና እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ካለው ጥንታዊ የድንጋይ ክብ፣ ከስቶንሄንጅ፣ ብዙም ሳይርቅ የተገኘው ባለ ቀስት ሰው አብረውት ሁለት የድንጋይ መከለያዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን መቃብሮች ብዙዎቹ መከለያዎች በክንዱ ውጪ በኩል ስለተገኙ ለጌጥ ነበሩ የሚሉ አጥኚዎች አሉ። አይደንቀኝም። ከአባሎቻችን አንዱ ቆዳው ላይ አንበሳ ሥሎ፣ ሥዕሉ እንዲታይለት መከለያውን ወደ ውጪ እያዞረ ያስቸግረኛል።

ጋዜጣው አንድ ጣጣም አመጣ። የጃፓን ባለ ቀስቶች ቀስቱን ሲለቁ ደጋኑ በእጃቸው ውስጥ ስለሚዞር አውታሩ በክንዳቸው ጀርባ በኩል እንደሚያርፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም መከለያ እንደማያደርጉ ጽፈን ነበር። በማግሥቱ ሁለት ልጆች «እኛም በጃፓን ስልት ነው» ብለው ባዶ ክንዳቸውን መጡ። መልሰናቸዋል።

ሕጉ ከወጣ ወዲህ በታችኛው ክንድ ላይ አዲስ ሰንበር አላየንም። ከክርን በላይ የተመቱ ግን ነበሩ፤ መከለያው እዚያ አይደርስም። ትከሻቸውን ወደ ደጋኑ የሚያስጠጉ ልጆች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከእነርሱ እንጀምራለን።

ምዝገባ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይከፈታል። ሁለት ግራኝ አባላት ስላሉን በቀኝ ክንድ የሚታሰሩ መከለያዎች እንሠራለን። የዒላማው ጭድ አልቋል፤ ለመተካት ጥያቄ አቅርበናል። አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ወይም ቡትስ ጫማ ያላችሁ ወላጆች ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን ይቅርብን፤ ቶሎ ይላላጣል፤ የተላላጠውም አውታር ይይዛል።