ይግባኙ ቦርዱ ጋ አያልቅም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሼቭሮን» የተባለውን መርህ ስለመሻሩ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ነገሩ የዓሣ አጥማጆችና የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መቅረቡ ግን አልተዋጠልኝም። በስደተኞች ጉዳይ ለጠበቆች የማስተረጉም ሰው እንደመሆኔ፣ ውሳኔው እኛን ከዓሣ አጥማጆቹ ባላነሰ ይመለከተናል እላለሁ።

በአውሮፓውያኑ 1984 የወጣው መርህ፣ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ አሻሚ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ሕጉን የሚያስፈጽመውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትርጉም ይቀበል የሚል ነበር። ዳኛው ራሱ ሕጉን በሌላ መንገድ የሚያነበው ቢሆን እንኳ፣ የመሥሪያ ቤቱ ንባብ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ እጁን ይሰበስባል። አርባ ዓመት እንዲህ ተኖረ። በጁን 2024፣ መርከባቸው ላይ የሚሳፈሩ ተቆጣጣሪዎችን ክፍያ አንሸፍንም ባሉ ዓሣ አጥማጆች ክስ ሰበብ፣ መርሁ በስድስት ለሦስት ድምፅ ተሻረ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ የተመረኮዙት በ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው፤ የሕግ ጥያቄን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ራሱ ነው ይላል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ከአንድ መዝገብ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሌሎችን ያሳደደ ሰው ጥገኝነት አያገኝም ይላል ሕጉ። ተገድዶ ያደረገውስ? ሕጉ ዝም ብሏል። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘንድ የቀረበው ሰው የኢትዮጵያም የኤርትራም ዜግነት ያለው ሲሆን፣ ኢትዮጵያን አልወጋም በማለቱ ኤርትራ ውስጥ ታስሮ፣ ኋላም በግድ የእስር ቤት ጠባቂ የተደረገ ነበር። ፍርድ ቤቱ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ መሳሳቱን ቢናገርም፣ ጥያቄውን ራሱ አልመለሰም፤ በሼቭሮን መሠረት ሕጉን መጀመሪያ እናንተ ተርጉሙት ብሎ መዝገቡን መለሰ። ቦርዱ መልስ የሰጠው በ2018 ነው፤ ግዳጅ በጠባቡም ቢሆን መከላከያ ይሆናል አለ። በ2020 የቦርዱ የበላይ የሆኑት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ባር ያንን ሻሩት። በ2021 ደግሞ ተተኪያቸው ሜሪክ ጋርላንድ ጉዳዩን እንደገና ላየው ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። የሕጉ ቃል አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ትርጉሙ ከሹም ሹም ሲገለባበጥ፣ ባለጉዳዩ ሲጠብቅ ኖረ።

የሚገርመው፣ የሼቭሮንን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ራሳቸው በ2009ኙ መዝገብ፣ ይህን ጥያቄ መመለስ ያለብን እኛ ነን ብለው በከፊል ተለይተው ነበር።

ለመሆኑ «መሥሪያ ቤቱ» ማን ነው? የኢሚግሬሽን ዳኛው የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ያለው ቦርድም እንዲሁ። ከሳሹ የአገር ውስጥ ደኅንነት ጠበቃ ነው፤ ከሳሹም ፈራጁም የሚታዘዙት ለአንድ ፕሬዚዳንት ነው። ባለጉዳዩ ከዚህ ቤት ውጭ የሆነ ዳኛ የሚያገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው፤ ጉዳያቸው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የኢሚግሬሽን ዳኛ ለታየላቸው ሪችመንድ ያለው ማለት ነው።

ዳኛ ኤሌና ኬገን በተቃውሞ ሐሳባቸው፣ ዳኞች ባለሙያ ባልሆኑበት ነገር ባለሙያዎችን ሊተኩ ነው ብለው አስጠንቅቀዋል። ስለ መድኃኒት ወይም ስለ አየር ብክለት ከሆነ ሥጋታቸው ይገባኛል። ጠመንጃ ተደግኖበት የሠራ ሰው «አሳዳጅ» ይባል እንደሆነ ለመወሰን ግን የትኛው የሙያ ዕውቀት ነው የሚጎድላቸው?

ደስታውን የሚያበርዱ ነገሮች አሉ፤ ጽሑፋችሁ ቢያነሳቸው ጥሩ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሼቭሮን ተመርኩዘው የተሰጡ የቀድሞ ፍርዶች በዚህ ምክንያት ብቻ አይፈርሱም ብሏል። ደግሞም የተለወጠው የሕግ ጥያቄ እንጂ የፍሬ ነገር ጥያቄ አይደለም። የኢሚግሬሽን ዳኛው «ምስክርነቱ አይታመንም» ካለ፣ ማንኛውም ምክንያታዊ ሰው የግድ ተቃራኒውን የሚል ካልሆነ በቀር ይግባኝ ሰሚው አይነካውም። አዲስ ማስረጃም አይቀበልም። ስለዚህ የሐኪም ወረቀቱ፣ የእስር ማስረጃው፣ የምስክሩ ቃል ሁሉ መግባት ያለበት በመጀመሪያው ችሎት ነው።

እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይል የነበረ ሕዝብ ልጆች ሆነን፣ እዚህ ብዙዎቻችን ከቦርዱ ደብዳቤ በኋላ ነገሩ አለቀ ብለን ቤታችን መቀመጣችን ይገርመኛል። አንዳንዱን «ፍርድ ቤት እኮ የመንግሥትን ቃል ነው የሚቀበለው» የሚሉ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ያሳስቱታል። በሕግ ጥያቄ ያ አባባል ዛሬ አይሠራም።

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ ሁለት ነገር በጉልህ እንድታትሙልን እለምናለሁ፤ ለይግባኝ ሰሚው አቤት ለማለት ያለው ጊዜ ከቦርዱ የመጨረሻ ውሳኔ ጀምሮ 30 ቀን ብቻ እንደሆነና፣ አቤቱታ ማስገባት ብቻውን መባረርን እንደማያስቆም፤ እግዱ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ