ለወረደ ጉንጭ ቦቶክስ ስለሸጣችሁልኝ

ለክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት እናንተ ጋ የመጣሁት ጉንጬ ስለወረደ ነው። 54 ዓመቴ ነው፣ ልጄን ልድር ነው፣ ለፎቶው ትንሽ ልታይ ብዬ እንጂ ኮረዳ ልሁን አላልኩም። ቀዶ ጥገና ያስፈልገኝ እንደሆነ ስጠይቅ የተቀበለችኝ ልጅ «ምን በወጣዎት እናቴ፣ የአሥር ደቂቃ መርፌ እኮ ነው፣ ያው ነው» አለችኝ።

ያው አይደለም። የወጋችሁኝ ቦቶክስ ነርቩ ጡንቻውን እንዳያኮማትረው ያግዳል፣ ስለዚህ ስንኮሳተር ወይም ስንስቅ ለሚወጣው መስመር ይጠቅማል፤ የተንጠለጠለ ቆዳ ግን አያነሳም። ከሦስት አራት ወር በኋላም ይለቃል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከተወጋሁ በኋላ ከሌላ ሐኪም ነው። እናንተ ግን ገንዘቤን ከመቀበላችሁ በፊት ታውቁት ነበር።

በአምስተኛው ቀን ደግሞ የግራ ዓይኔ ቆብ ወረደ። ጉንጬን ላስነሳ ሄጄ ዓይኔን አስወርጄ መጣሁ ማለት ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ «እንቅልፍ አጣሽ እንዴ?» ይሉኛል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ቆቡን ወደሚያነሳው ጡንቻ ሲሰርግ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ በሳምንታት ውስጥ እንደሚለቅ ነገረኝ። እሺ፣ ያጋጥማል። ሰርጉ ግን ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ያናደደኝ ደግሞ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ነው፦ «ይለምዱታል»።

ብልቃጡንም አላሳያችሁኝም፣ መርፌው ተሞልቶ ነው የመጣው። ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ያን ቀን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም፣ ጄኔሬተራችሁ ሲነሳ የሰማሁት እዚያው ወረፋ ስጠብቅ ነው። ተበላሽቷል አልልም። ግን በምን ልወቅ? ካርዴ ላይ ያለው «መርፌ ተሰጥቷል» ብቻ ነው። በዋናው ቦቶክስ ለቅንድብ መሃል ብቻ የተለመደው 20 ዩኒት ነው፤ እኔ ስንት ተወጋሁ? የማንን ምርት?

የመድኃኒቱን ስም፣ ብልቃጡ ላይ ያለውን የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና መጠኑን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ዓይኔን የሚያየው ሐኪም ይፈልገዋል። የእሱን ክትትል ክፈሉ። የመርፌውን ገንዘብም መልሱ፣ ለጉንጬ ብዬ ነው የከፈልኩት፣ ጉንጬ እንደነበረ ነው። በራችሁ ላይ ያለውን «ያለ ቀዶ ጥገና ፌስ ሊፍት» የሚል ባነር ደግሞ አውርዱት።

እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። አትደውሉልኝ፣ መልሱ በወረቀት ይሁን። የካርዴን ኮፒ አያይዣለሁ።